ጭስ የሌለው ሻይ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ የቀረችኝን ዕድሜ ይንሳኝ። የቀረችኝ ጥቂት መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን ሰው የሚያስይዘው ያለውን ነው።

ሰው ቤት ይሠራል ይባላል። የለም፣ ሰውን የሚሠራው ቤት ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ሆሳዕና መጥቶ ግቢዬን ይይ። ጡረታ ስወጣ ስድስት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቼ ለኮሌጅ ተማሪዎች አከራየሁ። ጣሪያው የዝናቡን ውሃ ለቅሞ ታንከር ይሞላል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ባዮጋዝ ያወጣል፤ የተማሪዎቹ ወጥ የሚበስለው በዚያ ነው።

ሲመጡ እኮ አምፖል አብርተው ገበያ የሚውሉ፣ ፌስታል በአጥር የሚወረውሩ ነበሩ። ዛሬ ፊታቸውን በአንድ ስኒ ውሃ ታጥበው በተረፈው ጎመን ያጠጣሉ። አንዱ የሺንሺቾ ልጅማ ሲቸግረው የኮሌጁን መጸዳጃ አልፎ፣ ግማሽ ከተማ ሮጦ እኛ ጋ ይመጣል። ለምን ሲሉት፣ የራሴ ምድጃ እያለ ለባዕድ ምን አሰጠኝ ይላል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያሉ አባቶች ይህን ልጅ አላዩትም።

የሁሉም አለቃ የጃጁራዋ ዘይነባ ናት። ቀን መብራት ካበራሁ፣ "አባባ፣ ፀሐይዋ አልበቃችዎትም?" ትለኛለች፤ በገዛ ቤቴ!

ባለፈው አባቷ መጡ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። መኪናቸውን በራፌ ላይ ገትረው፣ የብሎኬት ቤት ሞልቶ ልጄ በጭቃ ቤት አትኖርም፣ ዕቃሽን ጫኝ አሏት። የዘይነባ ፊት አመድ መሰለ። እኔስ? እሷ ከሄደች እኔን ማን ይቆጣኛል? ቢሆንም እንግዳ በደረቁ አይሸኝምና ሻይ ይቅመሱ አልን።

ሰውየው ሲቀመጡ የጨረሱትን የውሃ ፕላስቲክ መሬት ላይ ጣል አደረጉ። ዘይነባ አየቻቸው ብቻ። ያን የሚያህል መኪና የሚነዱ ሰው ጎንበስ ብለው አነሱና ኪሳቸው ከተቱት።

አንዱን ብርጭቆ ጨለጡ፤ ሁለተኛ አስቀዱ። ጭስ ጭስ አይልም፣ በምን አፈላችሁት አሉ። ከየክፍሉ አንድ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። እኔ ምን አደረግሁ? ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁና፣ ከሽንት ቤታችን በሚወጣ ጋዝ ነው፣ ልጅዎም ድርሻዋን አዋጥታለች አልኳቸው።

ብርጭቆው ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ብርጭቆውን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ዘይነባ ጋዙ በቧንቧ እንዴት እንደሚመጣ፣ ለማገዶ ዛፍ መቁረጥ እንደቀረ፣ የጉድጓዱ ትርፍ እንሰቱን እንዴት እንዳወፈረው አስረዳቻቸው። በነገራችን ላይ የእንሰታችን አንድ ቅጠል ለሠርግ ድንኳን ይበቃል።

አባትየው ሁሉንም ሰምተው ሻያቸውን ጨረሱና ብድግ አሉ። በቃ፣ ዕቃዋን ሊጭኑ ነው ስንል፣ "ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?" አሉ። የሰው ሻይ ጠጥቼ ሳልመልስ አልሄድም ባይ ናቸው።

መኪናው ባዶውን ጃጁራ ገባ።

መቼም ምያለሁና ልናዘዝ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ። ደረቱን ነፍቶ የተነሣው እኔ አልነበርኩም። እኔማ በሲሊንደር ጋዝ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘይነባ ቀደመችኝ። የቀረው ሁሉ ግን፣ የእንሰቱ ቅጠል ሳይቀር፣ እውነት ነው።