መስኮት የሌለው የክብር እልፍኝ

ሰው "ቤት አውቃለሁ" ብሎ የሚኮራው ቤቱ ቆሞ እስከዋለ ድረስ ነው። ቤቱ መሄድ ከጀመረ፣ ያውም በውሃ ላይ፣ እውቀቱ ሁሉ ወደብ ላይ ይቀራል። ይህን የሚነግራችሁ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መቱ ውስጥ የሰው ቤት ፕላን ሳጸድቅና ስመልስ የኖርኩ ነኝ። ስንቱን ባለገንዘብ "እዚህ ጋ መስኮት የለውም፣ አስተካክለህ ና" ብዬ በዚያ ዝናብ መልሼዋለሁ። ታዲያ ያ ሁሉ እውቀት አንዲት የመርከብ ክፍል መምረጥ ሲያቅተው ምን ይባላል?

ነገሩ የተነሳው ከእትዬ በላይነሽ ዓይን ነው። እትዬ በላይነሽ ታላቅ እህቴ ናት። ግቢያችን አንድ ነው፤ እናታችን ካለፈች ወዲህ እናቴም አለቃዬም እሷው ናት። አምና ዓይኗ ሲያስቸግራት ጅማ ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን አለ። እስከ መቼ እንደሚቆይ ስንጠይቀው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ስንመለስ መኪናው በደሌን እንዳለፈ እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ድንገት፣ "ታዴ፣ ሳይጨልም አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ" አለች። እኔ የሆነ ገዳም ትጠራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ባሕር አለች።

ለምን ባሕር? ምክንያቷን ስትነግረኝ ሳቅሁ፤ አሁን ግን አልስቅም። "ከተወለድኩ ጀምሮ ዝናብ በላዬ ላይ ይወርዳል። የሶር ወንዝ ይሞላል፣ የገባ ወንዝ ይሞላል፣ ሁሉም እየቸኮለ ቁልቁል ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ውሃ ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበትን ሳላይ ልታወር?" ነው ያለችው።

ልጇ ሰናይት ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ይህን በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። በልቅሶ ብቻም አልቀረች፤ እናቷንና የእናቷን አጃቢ፣ ማለትም እኔን፣ አራት ቀን ባሕር ላይ በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ላሳፍራችሁ አለች። እኔ ወዲያው ካርታ ዘርግቼ፣ የሶር ውሃ በባሮ በኩል ዞሮ ነጭ ዓባይን እንደሚቀላቀል፣ ዱባይ የሚደርስበትም ምክንያት እንደሌለ፣ ይሄኛው ባሕር ሌላ ባሕር እንደሆነ አስረዳሁ። እትዬ፣ "ባሕርና ባሕር አይጠያየቁም ማለት ነው?" ብላ ካርታዬን አስጠቀለለችኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰናይት የክፍሎቹን ፎቶ በቴሌግራም ልካ የቱን ልያዝላችሁ ስትል ጠየቀች። ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ዙሪያውን ግድግዳ የሆነ፤ አንዱ መስኮት ያለው፤ አንዱ ደግሞ ባለበረንዳ። እትዬ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችና፣ "ቤት የምታውቀው አንተ ነህ፤ ምረጥ" አለችኝ። የተሾምኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

ብቻዬን አልመረጥኩም፤ ጎረቤታችንን ጋሽ ገመቹን አማከርኩ። ጋሽ ገመቹ ከሁሩሙና ከያዮ ማር እያመጡ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ከባሕር ጋር ያላቸው ትውውቅ ከእኔ አይበልጥም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት የዚያን ቀን ምክክራችን ነው። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ። በእኛ አገር ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሹን ለመሰብሰብ ያህል ነው። መስኮት ማለት ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሰው ፕላኑ ላይ መስኮት የሚያወጣው ለእኔ ማህተም ሲል ነው፤ ካጸደቅሁለት በኋላ በምስማር ይመታዋል። በረንዳ ደግሞ የጀንፈል ቡና ጆንያ፣ ጭቃ የጠጣ ቦቲና የረጠበች ዶሮ የሚያድሩበት ነው። ክቡር እንግዳ የት ነው የሚተኛው? ንፋስ የማያገኘው፣ መንገደኛ የማያየው ውስጠኛው ክፍል ነዋ! ጋሽ ገመቹ ፎቶውን አይተው ተቆጡ። "በረንዳ ላይ እናት ያሳድራሉ እንዴ? ኬሱማን መነ ኬሳ!" አሉ፤ የእንግዳ ቦታው ቤት ውስጥ ነው ማለታቸው ነው። ባለበረንዳውን ክፍል ለማን ይሰጡት ይሆን ብለን ተወያየንበት። ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም ብለን ተስማማን። እትዬ እዚያው አጠገባችን ቡና ትለቅም ነበር፤ የምትሰማ አልመሰለኝም።

ለሰናይት "የውስጡን ያዢ" ብዬ ጻፍኩላት። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። ለእናትሽ የሚገባት እሱ ነው አልኳት። ልጅቷ ለካ ወጪ እንዳይበዛባት ያዘንኩላት መስሏት ኖሯል፤ "አጎቴ፣ አንተን የመሰለ ሰው ከየት ይገኛል?" ብላ የሚያለቅስ ፊት ላከችልኝ። ለምን እንደምትመሰገኑ ሳታውቁ ምስጋና ቢመጣላችሁ ትመልሳላችሁ? እኔም አልመለስኩም።

ዱባይ ወደብ ደርሰን መርከቧን ሳያት ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለማጋነን አይደለም፤ ማጋነን የሚያስፈልገው ለትንሽ ነገር ነው። ፎቅ በፎቅ ላይ፣ መስኮት በመስኮት ላይ፣ ቀና ብዬ ስቆጥር ባርኔጣዬ ከኋላዬ ወደቀ። ከመቱ መናኸሪያ እስከ ገበያው ያለውን ሰፈር ከነሰዉ ቢጭኑባት "ሌላስ የለም?" የምትል ናት። ያን ሁሉ ብረት ውሃ እንዴት እንደሚሸከመው የፈጠረው ይወቅ። ባሕሩን ከነአካቴው ከልላዋለች። እትዬ አማተበች። እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ አማተብኩ።

ክፍሉስ? ስፋቱን ለክቼ ቢሆን ኖሮ እመልሰው ነበር። ጥበቡን ሳይ ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሻንጣው አልጋው ሥር ገብቶ ይጠፋል። መስተዋቱን ስትስቡት መደርደሪያ ነው። ክንዴን ያስደገፍኩበት ጠረጴዛ ማቀዝቀዣ ሆኖ ተገኘ። መታጠቢያ ቤቱ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ሳሙና ከወደቀባችሁ ጎንበስ ለማለት በሩን መክፈት ያስፈልጋል፤ ሙቅ ውሃው ግን ቧንቧውን ከፍታችሁ ሳትጨርሱ ይመጣል። ሽንት ቤቱ ቁልፉ ሲነካ አንዴ ጮሆ የሰጡትን ይውጣል፤ እትዬ የመጀመሪያ ቀን ነጠላዋን ይዛ እየሮጠች ወጥታለች። ክፍሉን የሚያጸዳው ሰውዬ ደግሞ ፎጣውን አጣጥፎ ዝሆን ሠርቶ አልጋዋ ላይ አስቀመጠላት። እትዬ "ይሄን የመሰለ ፍጥረት አላፈርስም" ብላ በነጠላዋ ተጠራረገች። አንዲት ስንዝር ያልባከነችበት ቤት በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የሰው ፕላን ስመልስ የኖርኩትን እኔን የገዛ ማህተሜ አሳፈረኝ።

እትዬ ሁሉን በእጇ ዳብሳ ስትጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የፈራሁትን ጠየቀች። "ባሕሩ በየት በኩል ነው?"

በአንደኛው ግድግዳ ላይ ቆንጆ መጋረጃ ተሰቅሏል። ተነስታ ገለጠችው። ከጀርባው ግድግዳ ነው፤ መጋረጃው ለጌጥ ኖሯል። ግድግዳውን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ መጋረጃውን መልሳ በሥርዓቱ ዘጋችው። በመርከብ ሁሉም ክፍል እንዲህ ነው አልኳት። ዋሸሁ፤ ምን ላድርግ? ዓይኗ እየጨለመ ያለን ሴት አምጥቼ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩሽ እንዴት ይባላል?

ላይ ወጥታችሁ አታዩም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ወጣን እንጂ። ግን መርከቡ አናት ላይ ያለው ሰው ሁሉ ልብሱን ቤቱ ረስቶ የመጣ ነው። በመዋኛው ዙሪያ ወንድና ሴቱ እንደ ጀንፈል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እትዬ አንዴ አየችና ነጠላዋን ግንባሯ ላይ፣ ከግንባሯም ዓይኗ ላይ አወረደችው። ክንዷን ይዤ ባሕሩ በዚህ በኩል ነው፣ ግለጪው ብላት፣ "ይሄን አይቼ ከምኖር መታወሩ ይሻለኛል" አለች። ባሕር ልታይ የወጣች ሴት ዓይኗን ሸፍና ወረደች። ሁለተኛ ወደ ላይ አልወጣም አለች።

ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ስነካካ መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። አንዱ ጣቢያ ከመርከቡ ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ቀን ከሌት ያሳያል። "ይኸውልሽ ባሕር!" አልኳት በድል አድራጊነት። እትዬ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ "ይሄንማ መብራት ካለ መቱም አየዋለሁ" አለች። ተኛች። በዚያ ክፍል ነግቷል መሽቷል የሚባል ነገር የለም፤ መብራቱን ያጠፋችሁ ጊዜ ሌሊት ነው። እኔ ግድግዳውን እያየሁ፣ ለዓይኗ የቀረው ጊዜ በእኔ ክብር ሲያልቅ ይሰማኝ ነበር። ጭንቀት ማለት እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ እትዬ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። በእጇ ጋሽ ገመቹ "ባዶ እጅ ሰው አገር አይኬድም" ብለው የሰጧትን የያዮ ጫካ ማር ይዛለች። ወዴት ነው ብላት፣ ጎረቤት ሳላውቅ ሁለት ሌሊት አደርኩ፣ ነውር ነው አለችኝ። እዚህ ጎረቤት አይተዋወቅም፣ ሁሉም በካርዱ ከፍቶ በካርዱ ይዘጋል ብዬ ለመንኳት። "ብንሞትስ ማን ይቀብረናል?" አለችና ወጣች። ኮሪደሩን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። እኔ በሌሊት ልብሴ በራችን ላይ ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ከሥራችን ያለው መሬት አለመሆኑ ብቻ ነው የከለከለኝ።

በሩ ተከፈተ። ከዘራ የያዘች፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ ናት፤ ዕድሜዋ ከእትዬ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የየት አገር ሰው እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ እንደምን አደርሽ፣ ጎረቤትሽ ነኝ አለቻት። አማርኛው አልገባ ሲላት በኦሮምኛ ሞከረች፤ "ኦላ! ኦላ ኬሰን!" ጎረቤት፣ ጎረቤታችሁ! ምን ታድርግ፣ በእኛ አገር አንዱ ካልሠራ ሌላው ይሠራል። ሁለቱም አልሠሩም። ያኔ ክዳኑን ከፈተችና ማሩን አቀረበችላት። ሴትዮዋ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከዘራዋን በሩ ላይ አስደግፋ እትዬን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

በሩ ክፍት ቀረ። ከወዲያ ማዶ ብርሃን ነው። ባለበረንዳ ክፍል ነው።

እትዬ ለአልጋውም ለወንበሩም አልቆመች። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ብርሃኑን ተከትላ ሄደች፣ የበረንዳው ብረት እስኪያቆማት ድረስ። ባለቤቲቱ እኔንም በእጇ ጠራችኝ፤ ከኋላዋ ገብቼ ቆምኩ። የተሰማኝን ልሸፍን አልችልም፤ ፈራሁ፣ ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። ውሃው መጨረሻ የለውም፤ መጨረሻው ላይ ያለው ሰማይ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ያየነው ውሃ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚቸኩል ነበር። ይሄ ግን ደርሷል። የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቤት ምንድን ነው፣ መርከብስ፣ ማህተምስ? እንባዬን በሌሊት ልብሴ እጅጌ ጠረግሁ።

እትዬ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አረፈ" አለች። "ያ ሁሉ ዝናብ፣ እሰይ፣ አረፈ።" ሴትዮዋ ምን እንዳለች አልገባትም፤ ግን ወንበር አመጣችላት።

ከዚያ ወዲያ እትዬን በክፍላችን ያየኋት ለመኝታ ብቻ ነው። ከቁርስ በኋላ ትሻገራለች። አንዷ በቋንቋዋ፣ ሌላዋ በሁለት ቋንቋዋ ሲያወጉ ይውላሉ፤ ሳቃቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለካ ባሕር ላይም ይሠራል። እኔ ለሁለት ሴቶች ወግ ሦስተኛ ላለመሆን በክብር ክፍሌ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ባሕር አያለሁ። በአራተኛው ቀን ሲለያዩ ተቃቅፈው አለቀሱ። የማሩ ጠርሙስ ባዶውን እዚያው ቀረ።

መቱ በገባን በማግስቱ ጋሽ ገመቹ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሊጠይቁን መጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ክፍሉስ እንዴት ነበር የሚል ሆነ። እኔ ወደ በሩ አየሁ። እትዬ ግን ረጋ ብላ፣ "ታዴ የመረጠው ክፍል ንፋስ አይነካው፣ ፀሐይ አይነካው፣ ሰው ዓይን አይገባ። የክብር ክፍል ነው" አለች። ጋሽ ገመቹ ጭናቸውን መትተው፣ "ኤዬ! አላልኩም?" አሉ። ሰፈሩ ሁሉ በአድናቆት አየኝ። አሁንም ምስጋናውን አልመለስኩም። እህቴ ምንም አላወቀችም፣ ወይም አውቃ ይቅር ብላኛለች ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

እንግዶቹ ሳይነሱ ሰናይት ደወለች። እትዬ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሰናይት የእናቴ ዓይን ደህና ከሆነ ለከርሞም ላሳፍራችሁ እችላለሁ፣ አጎቴ ክፍሉን ይምረጥ አለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደመችኝ።

"ለእኔ ያንን ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች የሚሰጡትን ባለበረንዳውን ያዢልኝ፣ ልጄ። ለአጎትሽ ግን ያንኑ የውስጡን፤ እሱ መስኮት የሚወደው በሰው ፕላን ላይ ነው።"