ያልነበረው ጀነሬተር

ምን እንዳጠኑ ለጎረቤት መናገር ጣጣ አለው። ጤና ያጠና ልጅ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምላሱን እያወጣ ያሳየዋል። ሕግ ያጠናውን ደግሞ አያቶች የተጣሉበት የድንበር ክርክር ከነምስክሩ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። አካውንቲንግ ያጠናን እንደሆነ ግን የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ገንዘቡ በእናንተ እጅ ነው የሚያልፈው?» አዎ ካላችሁ ሌባ ናችሁ። የለም ካላችሁ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሩ ከረማችሁ?

እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አባቴ ዓሣ እያወጣ ለምግብ ቤቶች የሚሸጥ ሰው ነው። ያስተማረችኝ ግን ታላቅ እህቴ ዘሃራ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች። እሷ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን እኔ እንድጨርስላት ነበር የምትልከው። የተመረቅሁ ዕለት ደውላ «አልሃምዱሊላህ፣ ሀያቴ፣ ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ተቀምጦ ሊሠራ ነው» አለችኝ። ለዘሃራ የዓለም ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቆሞ የሚሠራና ተቀምጦ የሚሠራ።

የተመረቅሁት ለውጥ በመጣበት ዓመት ነው። በዚያ ሰሞን የጠፋው ሥራ እንጂ ስብሰባ አልነበረም። በየአዳራሹ እየጠሩ «የለውጡ ባለቤት ወጣቱ ነው» ይሉናል፤ እኔም ባለቤትነቴን ተቀብዬ፣ የባጃጅ አጥቼ በእግሬ እመለሳለሁ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ ልምድ ያለው ይላል። ሁሉም የበሰለውን ይፈልጋል፣ እሳት የሚያነድ ግን የለም። አንድ ጊዜ «ተደራጁ» ተባልንና አምስት የአካውንቲንግ ምሩቃን ሆነን የዓሣ ማኅበር አቋቋምን። አምስታችንም ገንዘብ ያዥ መሆን ፈለግን። መረብ የሚጥል ጠፋ። አባቴ ያዘጋጀነውን ቃለ ጉባኤ ሲነበብለት ሰምቶ «ዓሣዎቹ ይህን ቢሰሙ በራሳቸው ይወጡላችሁ ነበር» አለ። ማኅበሩም በዚያው ፈረሰ።

ከብዙ መንከራተት በኋላ ውጫሌ ላይ፣ ለገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል አንድ ማኅበር ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ጠዋት ከሐይቅ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ቢሮው ሁለት ክፍል፣ ሠራተኛው ሦስት ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ፣ ሒሳብ ሹሙ ጋሽ ይመርና እኔ። ጋሽ ይመር ዲግሪ የላቸውም፤ የማኅበሩን ሒሳብ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ይዘውታል። በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ የት እንደምትጽፊ አስተምረውሻል። የት እንደማትፈርሚ ያስተማረሽ ግን ያለ አይመስለኝም» አሉኝ።

አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ «ማስተካከያ ምዝገባ» የሚባል ትምህርት ነበረን፤ ዓመቱ ሲዘጋ የተረሳውን አስታውሶ፣ የተዛነፈውን አቅንቶ መጻፍ ማለት ነው። አቶ ደምሴ «አስተካክይው» ሲሉ ግን ሌላ ማለታቸው ነው። ደሴ ለአንድ ቀን ስብሰባ ሄደው ይመጡና፣ የአምስት ቀን አበል መጠየቂያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «አስተካክይው» ይላሉ። የማኅበሩ ሞተር ሳይክል የት ደረሰ ስላቸው «ጥገና ላይ ነው፣ አንቺ አስተካክይው» ይላሉ። ጥገና ላይ ከሆነ ዓመት ያለፈው ሞተር ነው። በየገበያው ቀን ወንድማቸው ይመጣበታል፤ ለታማሚ ደህና ይሮጣል።

እምቢ ማለት አልችልበትም ነበር፤ የማውቀው «ደረሰኙ ይምጣ» ማለት ብቻ ነው። እሳቸው ይቆጣሉ፣ ጋሽ ይመር በመስኮት ያያሉ፣ ነገሩ ለነገ ይቆያል። ሥራ ስፈልግ የምሰጋው ሥራ ባላገኝስ ብዬ ነበር። ካገኘሁ በኋላ ስጋቴ እስር ቤት ብገባስ ሆነ። እድገት ማለት ይህ መሰለኝ።

ጦርነቱ ከወልድያ በኩል ሲመጣ ንብረት ቆጠራ ላይ ነበርን። ወሬው ለሳምንታት ሲመጣ ሲቀር ቆይቶ፣ «እዚህማ አይደርስም» እያልን ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማንና ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። የቋሚ ንብረት መዝገቡን ይዤው ሄድሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ቆጠራው ስላላለቀ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አባቴ «ሐይቁን ትቼ የትም አልሄድም» ብሎ ቀረ። እኔና እናቴ ከሰው ጋር ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም ወዲያ፣ ሲገኝ በአይሱዙ ሲታጣ በእግር ተጓዝን። አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ስንሰነብት መዝገቡ ትራሴ ነበር። እናቴ አቅፌው ስተኛ አይታ «ምንድን ነው እሱ፣ ኪታብ ነው?» አለችኝ።

«የወንበርና የጠረጴዛ ዝርዝር ነው።»

ትንሽ አየችኝና «አላህ ያግዝሽ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ስለ አባቴ ምንም ሳንሰማ የቆየንባቸውን ሳምንታት አሁንም ማውራት አልወድም። ስንመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አጥንቱ ቀርቷል፣ ግን አለ።

ውጫሌ ስሄድ ቢሮው በር የለውም። ጠረጴዛ የለም፣ ወንበር የለም፤ ከግድግዳው ላይ የመብራት ማጥፊያው ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። የቀረው ወረቀት ነው፤ እሱም ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ በነፋስ ወጥቷል። በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ በርበሬ ብገዛ የጠቀለሉልኝ በራሳችን የገቢ ደረሰኝ ነው። ሴትዮዋ እስክትገረም ድረስ በርበሬውን ገለጥ አድርጌ ተራ ቁጥሩን አነበብሁ። የሙያ በሽታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ «የደረሰውን ጉዳት በኮሚቴ ዘርዝራችሁ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ መሥሪያ ቤት መጣ። አቶ ደምሴ ሰብሳቢ፣ ጋሽ ይመር አባል፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። መዝገቡ በእጄ ስለነበር ሥራው የግማሽ ቀን ነው ብዬ ነበር። አቶ ደምሴ ግን ዝርዝሩን ጽፈውት መጡ። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል፤ ለሥራ አስኪያጅም እንደሚመች የሚነግረን ተረት ግን አልነበረም። ዓመት ሙሉ ጥገና ላይ የነበረው ሞተር ተዘርፏል። አራቱ የእንጨት ወንበሮቻችን ዐሥራ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ተዘርፈዋል። ከሁሉም በላይ አንድ ጀነሬተር ተዘርፏል።

«አቶ ደምሴ፣ እኛ ጀነሬተር አልነበረንም» አልኩ።

«ለመግዛት አቅደን ነበር።»

እንግዲህ የተዘረፈው ዕቅዳችን ነው ማለት ነው። መዝገቡን ዘርግቼ ባሳያቸው አላዩትም። ይልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሚኝ ሀያት፣ የእኔ ቤት ከነጣራው ነው የሄደው። ልጆቼን በሰው ቤት ነው ያስጠጋሁት። አሁን ሁሉም የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ዐሥር ካልጻፍሽ አንድ አይሰጡሽም» አሉኝ። በሌባ መናደድ ቀላል ነው። ቤቱ በተዘረፈ ሌባ መናደድ ግን እጅግ አድካሚ ነው።

ጋሽ ይመርን አየኋቸው። እስክሪብቶውን አንስተው ፈረሙ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ «ጡረታዬ ጥቂት ወር ነው የቀረው፣ ልጄ። ከሰው ለመጣላት ጉልበት አጣሁ» አሉ። የት እንደማልፈርም ያስተማሩኝ ሰው እዚያው ላይ ፈረሙ። ከጦርነቱ ይልቅ ያ ፊርማ ነው ያስደነገጠኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። እቤት ስገባ ዘሃራ ስልክ ላይ ነበረች፤ ለእናቴ የነገርሁትን ሁሉ ሰማች። ሥራውን እንዳላጣ ፈርሚ የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት የከፈለችበት ሥራ ነውና። እሷ ግን «እመቤቲቱ ወርቋን ሆን ብላ ሶፋ ሥር ትጥልልኛለች» አለችኝ። «ልትፈትነኝ ነው። ስንት ጊዜ አንስቼ እንደሰጠኋት እኔና አላህ ነን የምናውቀው። አመሰግናለሁ እንኳ ብላኝ አታውቅም። እኔ ሳልማር ይህን ካደረግሁ፣ አንቺ ተምረሽ ነው የምትፈሪው?»

ምን ትላላችሁ? በማግስቱ መዝገቡን ይዤ የነበረውን ብቻ፣ እንደነበረው ጽፌ ፈረምሁ። አቶ ደምሴም የእሳቸውን አልቀደዱም። ሁለቱም ዝርዝር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄደ።

ለሳምንታት ከአቶ ደምሴ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ልባረር ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ድምፁ የደከመው ሰው።

«ከእናንተ ሁለት ዝርዝር ነው የደረሰኝ። ቅጹ የሚቀበለው አንድ ነው።»

«ትክክለኛው በእኔ ስም የተፈረመው ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱን እዚህ ሆኜ በምን አውቃለሁ? እንዲህ አድርጉ፤ የሁለቱን አማካይ ወስዳችሁ በአንድ ላይ ፈርማችሁ ላኩ።»

የሚቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። አይቀልድም። አራትና ዐሥራ ሁለት አማካዩ ስምንት ነው እያለ ሊያስረዳኝ ጀመረ። ለእኔ። አካውንቲንግ ላጠናሁት።

ስልኩን ዘግቼ ለሁለቱ ነገርኋቸው። የተቀመጥነው ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ ወንበሮቹማ በእውነትም በሐሰትም ሄደዋል። ቀድመው የተነፈሱት ጋሽ ይመር ናቸው፤ ኮስተር እንዳሉ፣ «ጀነሬተሩ ግማሽ ሊሆን ነው እንግዲህ። የትኛው ግማሽ ነው የተዘረፈው፣ ነዳጅ የሚቀዳበት ነው?» አሉ። አቶ ደምሴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ አመለጣቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ሲስቁ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሳቅ ብቻ አልነበረም መሰለኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና ጀነሬተሩን ሰረዙት።

ከጀነሬተሩ በኋላ ቀለለ። ወንበሮቹ ወደ አራት ተመለሱ። ሞተሩ ላይ ትንሽ ተንገራገሩ፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ወንድማቸው በእግሩ መጣ፤ ሞተሩንም ቢሯችን ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ማንም ምንም አልጠየቀም። እንዲህ ሆኖ፣ ያለ አንድ ውሸት፣ እስከ መጨረሻው መስመር ደረስን። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ልንፈርም ስንል ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ካልኩሌተርስ?» አሉ። ወረቀት እየጠቀለለ የሚያወጣውን ትልቁን ካልኩሌተራቸውን ነው። በገዛ ገንዘባቸው ከደሴ የገዙት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የማኅበሩ ሒሳብ የተደመረው በእሱ ነው፤ እሱም ከቢሮው ጋር ተዘርፏል።

ደንቡን አውቀዋለሁ። የግል ንብረት በማኅበር ዝርዝር አይገባም። ገብቶ ከተገኘ ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ ለአንድ ወር ሰው ያኮረፍሁት ለዚሁ ነው። አቶ ደምሴ ምን እንደምል አተኩረው ያዩኛል። ጋሽ ይመር ደግሞ በጭቃ የተጨማለቀ ጫማቸውን ያያሉ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «ካልኩሌተር፣ አንድ፣ የማኅበሩ ንብረት» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ፈረምሁ። አቶ ደምሴ መስመሩን አነበቡ፣ እኔን አዩኝ፣ ከሥሬ ፈረሙ፤ ያ አስተያየታቸው እስካሁን ጀርባዬን ይበላኛል።

የተዘረፈው ንብረት ምትክ ዘግይቶ መጣ፤ ጋሽ ይመር ጡረታ ከወጡ በኋላ። በር አልመጣም፤ ወንበርም ጠረጴዛም «በጀት ሲፈቀድ» ተባለ። በአንዲት ካርቶን የመጣው ካልኩሌተሩ ብቻ ነው። ልወስድላቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትሁት በኋላ ነው የገባኝ፤ የማኅበሩ ንብረት ነው ብዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ። አውጥቼ ቁጥር ለጠፍሁበት።

አሁን ጋሽ ይመር በገበያ ቀን ብቅ ይላሉ። የጤፍና የሽንኩርት ሽያጫቸውን በእሱ ይደምራሉ፤ ወረቀቱ እየተንቀጫቀጨ ሲወጣ ደስ ይላቸዋል። ጨርሰው እስኪሄዱ ከአጠገባቸው ፈቀቅ አልልም። በአደራ የተመዘገበው በስሜ ነው፤ ከጠፋ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው።