«እኔን!» ያልኩበት ግጭት

ሰው መኪናው ሲገጭ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል ባሕርዩን ይናገራል ባይ ነኝ። አንዱ የፈጣሪን ስም ይጠራል። አንዱ የሌላኛውን ሾፌር እናት ያነሳል። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይናገር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ይጀምራል፤ ከዚህኛው ተጠንቀቁ፣ የተማረ ነው። የእኔ ቃል እንደ ሰዎቹ ሁሉ ባሕርዬን ብቻ ተናግሮ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አልፎ ተርፎ ወንጀለኛ አደረገኝ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። በሐዋሳ ከተማ መኪና መንዳት ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በፒያሳ ጡሩምባውን እያንባረቀ የሚያልፋችሁ ሁሉ የእኔ ተማሪ ነው እንዳትሉኝ፤ ጡሩምባ አላስተምርም። ፍሬቻ አሳይቶ፣ እግረኛ አሳልፎ፣ ተራውን ጠብቆ የሚታጠፍ ሰው ካያችሁ ግን የማን እጅ እንዳለበት ገምቱ። በዚህ ሁሉ ዓመት በጥፋቴ የማንንም መኪና ነክቼ አላውቅም። ሥራዬንም እወደዋለሁ። ጠዋት በሐይቁ በኩል ባለው መንገድ ገና መሪ የጨበጠች ተማሪ ይዤ ወጥቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ያለ ጩኸት ስትሄድ የሚሰማኝን ደስታ በደመወዝ የሚተምን ሰው ካለ ሥራ አያውቅም።

የማልወደው የመማሪያ ክፍሉን ነው። የማሠልጠኛችን ባለቤት አቶ ደስታ ያወጡት ደንብ አለ፦ በግጭት ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ አሠልጣኝ፣ መኪናው የማሠልጠኛውም ይሁን የራሱ፣ ለስድስት ወር ከመንገድ ተነስቶ ክፍል ውስጥ የትራፊክ ምልክት ያስተምራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከምሳ በኋላ፣ በዱላ ግድግዳ እየጠቆሙ «ይህ ቀይ ክብ ምን ይለናል?» ብሎ ለሚያንቀላፋ ሰው መጠየቅ ማለት ነው። ደንቡ ለስብሰባ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን አውጥቶ የደገፈው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልገጨ ሰው ምን አስጨነቀው!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንግዲህ ፒያሳ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ነጯን ቶዮታዬን አቁሜ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ዳቦ ልትገዛ የገባችውን ባለቤቴን እየጠበቅሁ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ የውጭ አገር ሰሌዳ የለጠፈች፣ ጣሪያዋ ላይ ድንኳንና ጀሪካን የተሸከመች ግዙፍ መኪና ቆማለች። ይህቺ መኪና በዝግታ፣ በትሕትና፣ ግን ጨርሶ ሳታመነታ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረች። ጡሩምባ ነፋሁ። ጡሩምባ ለማን ይጠቅማል ስል የኖርኩት ሰውዬ ነፋሁ። የፊት ፓራውልቴ ተጨራመተ፣ የግራ መብራቴ ረገፈ፣ ኮፈኔም እንደ ተጣጠፈ ጋዜጣ ብድግ አለ።

ከመኪናዋ የወረዱት ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሆላንዳዊ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አፍሪካን በገዛ መኪናቸው የሚዞሩ ናቸው። ስማቸው ያን ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ «ያን ሰውዬ» ባልን ቁጥር በስማቸው እየጠራናቸው ይሁን እየጠቆምናቸው ለራሳችንም አይለይም ነበር። ወደ ኋላ ሲነዱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ኖሮ ግንባራቸው ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ መድማት ጀምሯል። ይህን ሳይ ከመኪናዬ ዘልዬ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩና እናቴ ያስተማረችኝን አልኩ፦ «እኔን! እኔን! ውይ፣ እኔን ይድፋኝ!»

አሁን ፍረዱኝ። ሌላ ምን ይባላል?

ቀጥሎ የሠራሁትን ግን ለተማሪዎቼ እንዳትነግሩብኝ። ሰውዬው ደም እየፈሰሳቸው ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የግጭቱን ንድፍ፣ ፕላን የሚሉትን፣ እስኪያነሳ አልጠብቅም ብዬ፣ ኮፈኗን ተጭኜ፣ በአንድ ዓይኗ በቀረችው መኪናዬ ወደ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። የእሳቸውንም መኪና መንገድ ዘጋች ብለው ሰዎች ገፍተው ጥግ አስያዟት። ፕላን ሳይነሳ መኪና ከቦታው የሚያንቀሳቅስ ተማሪ እኔ ፈተና ላይ እጥላለሁ። ስንመለስ ትራፊኩ ባዶውን አስፋልት እያየ ቆሟል። ምስክር አልጠፋም፤ ሞልቶ ነበር። አንዱ እኔ ገጨሁ አለ፣ አንዱ እሳቸው ገጩ አለ፣ ሦስተኛው ገጭቶ ያመለጠው ባጃጅ ነው ብሎ ማለ። ትራፊኩም የሁለታችንን ቃል ጽፎ፣ ነገሩን በኢንሹራንሶቻችሁ በኩል ጨርሱት ብሎ ሄደ።

እኔ ምን ቸገረኝ? የቆመ መኪና አይገጭም። በማግሥቱ መኪናዬን ታቦር ተራራ ግርጌ ካለው ከጋሽ ሸምሱ ጋራዥ አስገባኋትና ስለ ጉዳዩ ማሰብ ተውኩ። ጋሽ ሸምሱ የኢንሹራንሱ ወረቀት ሳይመጣ ላሜራውን እንደማይነካ ነገረኝ። ይመጣል አልኩት።

ወረቀቱ ሳይሆን ጥሪው መጣ። ኢንሹራንሴ ቢሮ ጉዳዬን የያዘችው ወይዘሪት ምሕረት የምትባል ረጋ ያለች ልጅ ናት። አስቀመጠችኝና፣ ጋሼ፣ ጥፋቱን አምነው ሳለ ካሳ የሚጠይቁት እንዴት ነው አለችኝ። መቼ አመንኩ? ከሆላንድ የመጣውን ቅጽ አዞረችልኝ። የያን ኢንሹራንስ ቅጽ ላይ «ሌላኛው ሾፌር በቦታው ምን አለ?» የሚል ሣጥን አለ። ሰውዬው አማርኛን ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ እየተማሩ ነው የመጡት፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ «እኔን፣ አንተን፣ እሱን» የሚል አጥንተዋል። በሣጥኑ ውስጥ በጥንቃቄ የጻፉት ቃል ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ክንዴን ይዞ፣ በታላቅ ሐዘን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ‹እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!› አለ። መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሰውየው የመንዳት መምህር ስለሆነ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።»

ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ እንዴት በተገላገልኩ! ክፉ ሰውን መጣላት ይቻላል። ቃሌን አምኖ የተቀበለ ቅን ሰው ግን በምን ይረታል? የዚያን ዕለት እንቅልፍ ሲወስደኝም በሕልሜ ዱላ ይዤ ግድግዳ ስጠቁም አደርኩ። አቶ ደስታም ወሬው ደርሷቸው፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ብለው የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኛል። ምን ያህል እንደከፋኝ አልደብቃችሁም፤ የማሠልጠኛዋን መኪና ሌላ ሰው ይዟት ሲወጣ ሳይ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ምሕረት ግን ልበ ቀና ናት። ለሆላንዶቹ እናስረዳቸው ብላ ደብዳቤ ጻፈች። «እኔን» እንኳ በመጠኑ ተተረጎመች። «እኔን ይድፋኝ» ላይ ስንደርስ ነው መዝገበ ቃላቱ የከዳን። በሳምንቱ መልስ መጣ። ደንበኛችሁ መኪናው በአፍጢሟ እንድትደፋ ይመኝ እንደነበረ ተረድተናል፣ ይህም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግጭት ሊሆን ስለሚችል የአእምሮውን ሁኔታ የሚገልጽ ማስረጃ ይላክልን ይላል። እናቴ ያስተማረችኝ አባባል በሁለት ደብዳቤ ከጥፋት ወደ እብደት አደገ ማለት ነው።

በመጨረሻ ያን ራሳቸው የመጨረሻውን ቃላቸውን ለመፈረም ቢሮው መጡ፤ እኔም ተጠራሁ። ግንባራቸው ድኖ ትንሽ ምልክት ብቻ ቀርቶበታል። ያመጣሁትን ሙዝ ሰጠኋቸው፤ ተከሳሽ ለከሳሽ ሙዝ ሲያመጣ የት አይታችኋል? እሳቸውም በጣም አዘኑልኝ። እውነት መናገርዎን አደንቃለሁ፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም አሉኝ በዚያች በመጽሐፋቸው አማርኛ። ብዕሩን አነሱ።

ይሄኔ የከሰዓቱ የሐይቅ ነፋስ መጣ። ዘበኛው ጋሽ ለማ ተጨማሪ ወንበር ይዘው ሲገቡ ነፋሱ በሩን ወርውሮ ጣታቸው ላይ ዘጋባቸው። ጋሽ ለማ «ዋይ!» አሉ። ከዚያ ቢሮው በአንድ አፍ ጮኸ። ምሕረት «እኔን!» አለች። ገንዘብ ያዡ «እኔን!» አለ። ፋይል የያዘችው ሠራተኛና ተራ የሚጠብቁት ሁለት ደንበኞችም «እኔን!» አሉ፤ አንደኛዋ እንዲያውም ከወንበሯ ተነስታ «እኔን አባቴ!» አለች። እኔም ደረሰኝና «እኔን ጋሽ ለማ!» አልኩ።

ያን ብዕራቸውን አስቀመጡ። በጣታቸው ቆጠሩን፤ ስድስት ሆንን። በሩን የዘጋው ማነው ብለው ጠየቁ። ነፋስ ነው ተባሉ። ታዲያ ስድስት ሰው ጥፋቱን የወሰደው ለምንድነው አሉ።

ምሕረት ከዚህ በላይ የሚመች መምህር አልነበራትም። ጥፋት መውሰድ አይደለም ሚስተር ያን፣ ሕመሙን መውሰድ ነው፣ በአንተ ከሚሆን በእኔ በሆነ ማለት ነው አለቻቸው። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩና፣ ስለዚህ ያን ዕለት መኪናዎትን ሰብሬብዎት ሳለ ከእርስዎ ግንባር የእኔ ይድማ ብለውኝ ነበር ወይ አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አዎ አልኳቸው። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና፣ አፌ «እኔን!» ሲል ዓይኔ ከፓራውልቴ ላይ አልተነሳም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በኢንሹራንስ ቢሮ አይመሰከርም። ደግሞም የእኛ ሰው አፉ ከቀደመ ልቡ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ የእኔም ልብ ደርሶ ነበር።

ያን የጻፉትን ሰርዘው ሌላ ጻፉ። ወደ ኋላ የነዱት፣ ያላዩት፣ የገጩት እሳቸው መሆናቸውን ገልጸው፣ «እኔን» ስለሚባለው ነገር አንድ ሙሉ ገጽ ማብራሪያ አባሪ አደረጉ። ኢንሹራንሳቸውም አመነ። ጋሽ ሸምሱ ላሜራዬን አቃንቶ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ። አሁን መኪናዬ ፊቷ አንድ ዓይነት ነጭ፣ ጀርባዋ ሌላ ዓይነት ነጭ ናት። እንደዚያም ሆና ደስ ብሎኛል።

ከጥፋት ነፃ መሆኔን የሚገልጸውን ደብዳቤ ከነአባሪው ይዤ፣ የክፍሉን ቁልፍ ለመመለስ አቶ ደስታ ዘንድ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ። ተነስተው ጨበጡኝ። አንዲት ቃል ለፈረንጅ እንዲህ አድርጎ ያስረዳ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ መባከኑ ያሳዝናል አሉኝ። ያስረዱት ምሕረትና ነፋሱ ናቸው ብላቸው ትሕትናዬን አመሰገኑ። ቁልፉንም መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። ከሰኞ ጀምሮ ክፍሉ የእኔ ነው። ጥፋተኛ ብሆን ኖሮ ቅጣቴ ስድስት ወር ነበር፤ ነፃ ስለወጣሁ ግን በቋሚነት ነው።