ሰማይን በሜትር የሚለካው ጎረቤቴ

አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ የአውሮፕላን ሊቅ የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላጋጠመኝም። መንገደኛው ሻንጣውን ሳይዘጋ ይህ ሊቅ ከተፍ ብሎ የሚያርፍበትን ሰዓት ይነግረዋል፤ ማን ጠየቀህ የሚለውም የለም።

የእኛ ሰፈር ሊቅ ክቡር ልብስ ሰፊያችን ናቸው። ከስፌት መኪናቸው በላይ የዓለም ካርታ ለጥፈዋል። ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ሲጠሩላቸው ከአንገታቸው ሜትራቸውን አውልቀው ካርታው ላይ ይዘረጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ ከዚያም ፍርድ እንደሚያሰማ ዳኛ «ጻፉ!» ይላሉ። የሚጽፍ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

«ጌታው፣ መሬት እኮ ክብ ናት። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንዲህ አትለካም።»

«መምህር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ ኖሬ ክብ ነገር ለእኔ ይነገራል?»

ስሕተታቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ የበረራውን ሰዓት ያበዛሉ። መንገደኛው ቀድሞ በደረሰ ቁጥር «ነፋስ ከኋላ ገፍቶት ነው» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ልጃችን ለትምህርት ብቻዋን ወደ ሩቅ አገር በረረች። ባለቤቴ በደም ግፊት ተኝታ ከሆስፒታል የወጣችው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ሐኪሙም «ከጭንቀት ይጠብቋት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ርቀቱን በሚገባ አስልቼ «ዐሥራ አራት ሰዓት» አልኳት።

«ልብስ ሰፊው ዐሥራ ሰባት ነው ብለውኛል» አለች። «አንተ የምታውቀው ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ነው።»

ይህን ያህል ዘመን አብራኝ የኖረች ሴት ሜትሩን አመነች!

ዐሥራ አራተኛው ሰዓት አለፈ፤ ስልክ የለም። ዐሥራ አምስተኛውም አለፈ። ባለቤቴ ትራስ ተደግፋ የልጅቷን አንሶላ ታጣጥፋለች። «ገና ናት እኮ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?» እኔ በትክክለኛው ቁጥሬ ታንቄ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። በመጨረሻ መድኃኒት ልግዛ ብዬ ወጣሁና ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁ።

«ዐሥራ ሰባቱን ከየት አመጡት?»

መኪናቸውን አቆሙ። «በረራውማ ዐሥራ አራት ነው፤ ከቲኬት ቆራጮቹ ጠይቄያለሁ። ሦስቱ ትርፍ ነው። ለሚያድግ ልጅ ስሰፋ ጠርዙ ላይ ጨርቅ አተርፋለሁ፤ ለሚጠብቅ ሰውም እንደዚያው። ልክክ ያለ ነገር ለእናት አይሆንም፣ ያፍናታል።»

«ታዲያ ሜትሩ ምን ያደርጋል?»

«ያለ ሜትር ማን ያምነኛል?» አሉና ፊቴን አዩት። «እርስዎንም አፍኖዎታል። በሉ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቴ ናት፣ እየሳቀች። «ደረሰች! ደግሞ ቀድማ ነው የደረሰችው!»

ልጃችን ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ ያንን አላረምኩትም፤ «እሰይ» ብቻ አልኩ። ላመሰግናቸው ብድግ ስል ግን ክቡርነታቸው በሩ ላይ ወጥተው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «አላልኳችሁም!» እያሉ ነበር። ይበሉ። ሲያንሳቸው ነው።