የአንገትጌው ቀዳዳ

እኛ ቀዳዳ አይተን ማለፍ አይሆንልንም፤ የጣሪያም ይሁን የስም እንደፍናለን። በተለይ የታላቅ ሰው ገመና ከሆነ፣ ለባለቤቱ እንኳ ሳንነግር ሸፍነን እናልፋለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን የተረትነውም እኛው ነን። የምንተርተው ግን ለሌላ ሰው ነው። እናንተስ?

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ብየዳ ያስተማሩኝ አያ ደምሌ ናቸው፤ በረሃቡ ዘመን ከጎንደር የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ከብረት ጋር የጨረሱ ሰው። ኋላ ላይ ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር። አንድ የሰሊጥ ዘይት የሚያስጨምቅ ሐጂ፣ በእንፋሎት ማፍያው ታንከር ላይ አዲስ ቧንቧ እንድንገጥምለት ጠራን። አያ ደምሌ ታንከሩን በሱ፣ ቧንቧውን አስገብተው በየዱ፣ ከዚያ ወፍራም ላሜራ እንደ አንገትጌ ቆርጠው ዙሪያውን ደረቡበት። ብረት ሲበሳ የጎደለው ጉልበት በዙሪያው ካልተተካ እንፋሎቱ ይቀደዋል።

እሳቸው ለምሳ ሲወጡ አንገትጌው ላይ ክብሪት እንጨት የምታስገባ ቀዳዳ አየሁ። መሰርሰሪያው የሳታቸው መሰለኝና አዘንኩ። እንዳያፍሩ ብዬ በአንድ ጠብታ ብየዳ ደፈንኳት፤ ቀለምም ቀባኋት። ምን ልበላችሁ፣ ኮራሁም።

ለካስ ሆን ብለው የበሷት ናት። የውስጡ ብየዳ ካፈሰሰ እንፋሎቱ በእሷ እየወጣ ያሳብቃል፤ ሰው አይቶ ማሽኑን ያቆማል። ከሳምንታት በኋላ የውስጡ ብየዳ አፈሰሰ፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ አንገትጌው ሥር ታምቆ ሰነበተና አንድ ጠዋት ገንጥሎት ወጣ። ለሌላ ሥራ ተጠርተን መጥተን ስለነበር አያ ደምሌ አጠገቡ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ተገሸለጠ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የተገነጠለውን ላሜራ አገላበጡት። ቀዳዳዋን የደፈነችውን ጠብታ አዩ፤ እሳቸው ያስተማሩትን ልጅ ብየዳ እንዴት ይስቱታል? ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ ሐጂው ዞሩ።

«ያ ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ ኸላስ፣ አልቋል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚያሠራቸው ጠፋ፤ እጃቸውም አልታዘዝ አለ። እኔ ዛሬ ልናገር፣ ነገ ልናገር ስል ወደ አገራቸው፣ ወደ መተማ ሊሻገሩ ተነሡ። እስከ ድንበሩ፣ ገላባት ድረስ ሸኘኋቸው።

«አያ ደምሌ፣ ያቺ ቀዳዳ...» አልኩ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «አንተ ለኔ ደፈንክ፣ እኔም ላንተ ደፈንኩ።»

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ዛሬ አንገትጌ በደረብኩ ቁጥር ያቺን ቀዳዳ እበሳለሁ፤ አጠገቧም በጠመኔ «አይደፈንም» ብዬ በአማርኛም በዓረብኛም እጽፋለሁ። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ግን እስካሁን የሚታማው የአያ ደምሌ ዓይን ነው። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።