ካርቱም ላይ የታየው ተራራ

«መምህር፣ ካርቱም ተራራ አላት እንዴ?» አለችኝ ጽጌ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ታች አጎንብሳ።

የላትም አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። አሥራ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው የካርቱምን ሜዳነት ለመመስከር አንገቱን ማቅናት አለበት? አሁን አል-ማንሺያ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤት ዘበኛ መሆኔ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ከሹመት ብወርድም ሜዳው ያው ሜዳ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ድሃ ብቻ ይመስላችኋል? ሰማይ ላይ ላም የሌለው ሰው የለም። የሚለያየው ቀለሟ ነው።

ጽጌ የደባርቅ ልጅ ናት። እዚህ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ሁለት ወር አልሞላትም። ሜዳው ይጨንቃታል፤ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ ትላለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቱን እመቤት የሀጃን ነጫጭ አንሶላዎች አጥባ ጣሪያው ላይ አስጥታለች። በማግስቱ የሀጃ ልጅ ትታጫለች፤ እንግዳ የሚቀመጠው በእነዚህ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሀጃን ቶብ፣ ያን ረጅም መጎናጸፊያቸውን፣ በካውያ አቃጥላ፣ አንድ ጥፋት ብትደግሚ ያላ ወደ ሳጃና ተብላለች። ሳጃና ሥራ ያጡ ልጆቻችን አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነው የሚያድሩበት ሰፈር ነው።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። በደቡብ፣ በካላክላ ሰፈር በኩል ቡናማ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተገትሯል። የጽጌ ፊት በርቷል። ያ ገደሉ፣ ያ ሸንተረሩ እያለች በጣቷ ታሳየኛለች። ትናንት የት ነበር ብላት፣ ጉም ሸፍኖት ይሆናላ፣ እኛ አገር ሳምንት ሙሉ ይሸፈን የለ አለችኝ። እኔም መልስ ነበረኝ። የእሷ ይሻል ነበር።

የጎረቤት ዘበኛ ጋሽ በየነ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ከሦስት መንግሥት ያመለጡ ሰው ናቸው። ጭስ ነው አሉ። ይህን የሚያህል ጭስ ከየት ይመጣል ስላቸው፣ አንተ መንግሥት ሲወድቅ አይተህ አታውቅም ማለት ነው ብለውኝ ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ገቡ።

እኔስ? እኔ ዝናብ አየሁ። የተከበረ፣ የተማረ፣ በምዕራፍ የተከፈለ ዝናብ። ርቀቱን አሰላሁ። ጽጌ፣ ዝናብ ከሆነማ ላንሳው ብላ አንዱን አንሶላ ከገመዱ ነጠቀች። ገና እርጥብ ነው፣ ተዪው፣ ዝናቡ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል አልኳት። መልሳ ሰቀለችው። መምህር ነኛ።

ሁለት ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሆነ።

ብርሃኑ መጀመሪያ ብርቱካን። ቀጥሎ ጡብ። ቀጥሎ ምንም። እጄን ዘርግቼ እጄን አላየሁትም። ተራራው በላያችን ላይ ሄደ።

ሀቡብ። የአቧራ ማዕበል። አስተምሬዋለሁ እኮ! ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ግን የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነበረች፤ ድምፅም አልነበራትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረችውን ከልክሎ ያስመነጠረስ ምን ይባላል?

ሲገልጥ አንሶላው ላይ ያረፈው አቧራ ጭቃ ሆኗል። አንሶላዎቹን ይዘን ከጣሪያው ስንወርድ ሀጃ የቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሳይቆጡ፣ ምን እያየሽ ነው ዝም ያልሽው አሏት። ጽጌ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ተራራ አለች። የእኔን ስም አልጠራችም።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ላንሳ ስትል ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ።

አንተስ ኡስታዝ፣ ምን አየህ አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። ደመና አልኩ። እዚሁ ተወልጄ አረጀሁ፣ ከዚያ በኩል እንዲህ ያለ ደመና መጥቶ አያውቅም አሉ። ተራራም መጥቶ አያውቅም፤ እሷ ግን መምህር አይደለችም አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጽጌ ዞሩ። ግቢና ውሃ ጣጂ፣ እንደገና እናጥባለን አሏት። ጽጌ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ገባች።

ሀጃ መዳፋቸውን ዘረጉ። የግቢውን ቁልፍ አኖርኩበት።

«ሹክራን፣ ኡስታዝ» ብለው በአክብሮት አመሰገኑኝ፤ የግቢው በርም ከኋላዬ ተዘጋ።