ያበጠው በር

አቶ ልሳነወርቅ ቤት ሊገዙ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በኪራይ ኖረው፣ ከመጋዘን ኃላፊነታቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ አከራያቸው ልጁን ድሮ ሊያስገባበት ስለሆነ ቤቱን እንዲለቁለት በትሕትና ነገራቸው። በትሕትናም ቢሆን ልቀቁ ማለት ልቀቁ ማለት ነው። መሀል ከተማው በእሳቸው አቅም የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ዓይናቸውን ወደ ዳርቻው ጣሉ። የሚፈልጉት ዋጋው የማይጎዳ፣ ሌባ የማይደፍረው፣ ቤተሰብ ተረጋግቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው።

ስማቸው ልሳነወርቅ ይሁን እንጂ ከአንደበታቸው ወርቅ ሲወጣ ያየ የቤት ሰው የለም። መጋዘን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ያለ ፊርማ የሚገባም የሚወጣም ነገር አይወዱም፤ ቃልም ከዚሁ ይቆጠራል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ የቁልፍ ዘለላቸውን ከቀበቷቸው አላወረዱም። ምን እንደሚከፍቱበት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እድር ድንኳን ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ጨዋታው እሳቸው ጋ ነው፣ ሳቁ እሳቸው ጋ ነው። ሴቶቹ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘነበችን "ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ተጫዋች ባል!" ይሏቸዋል። "አዎ፣ ታድያለሁ" ይላሉ ወይዘሮ ዘነበች። ከዚያ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ጨዋታው ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል።

ፍለጋው የተጀመረ ዕለት ወይዘሮ ዘነበች ምስር እየለቀሙ አንድ ነገር ተናገሩ።

"የፈለግከውን ግዛ። እኔ ያልወደድኩት ከሆነ ግን ብቻህን ግባበት፤ እኔ ሐዋሳ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ልጆቹ እንደሆነ አድገዋል። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ከሰው ጋር እያወራሁ ላርጅ።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቀልድ እንዳልሆነ ግን አቶ ልሳነወርቅ አወቁ። ዘነበች የሌለችበትን ቤት ሊያስቡት ሞከሩ፤ ፈሩ። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። "ጥሩ ቤት ይገኛል" አሉና ደላላ ፍለጋ ወጡ።

ደላላው ተካልኝ ይባላል። የማያምር ቤት አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሚፈርሰውን "ታሪካዊ"፣ ጠባቡን "ሞቅ ያለ"፣ መንገድ የሌለውን "ጸጥ ያለ" ይለዋል። እሑድ እሑድ በአሮጌ መኪናው ባልና ሚስቱንና የመጨረሻ ልጃቸውን ማህደርን ጭኖ ይዞራል። ማህደር ነርስ ናት፤ አብራ የምትሄደው ለቤቱ ሳይሆን ለጨዋታው ነው። እናቷ ቤት ሲያዩ የሚናገሩት ነገር ከጀመረ ወዲህ እሑድ ተረኛ መሆን ትታለች።

ከታዩት ሁሉ አቶ ልሳነወርቅ መጀመሪያ ልባቸው የሄደው ጣፎ በኩል ባለው ቤት ነው። ፊት ለፊቱ በእብነ በረድ ተለብጧል፤ በረንዳው ምሰሶ አለው፤ መንገደኛ ሳያየው አያልፍም። ወይዘሮ ዘነበች ግን በጎን ዞረው ጓሮ ገቡ። የኋላው ግድግዳ ብሎኬቱ እንዳገጠጠ ነው፤ ልስን የሚባል አልነካውም።

"ይሄ ቤት ለመንገደኛ ይስቃል" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። "ጓሮ ለሚውለው ሰው ግን ፊቱ እንዲህ ነው።"

"ልስኑ ቀላል ነው፣ እትዬ" አለ ተካልኝ። "በሳምንት ያልቃል።"

"አይ ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንድ አለ። ይለሰናል፣ ይለሰናል ስል ልጆች ወልጄ አሳደግኩ።"

ማህደር አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ አጥሩ ዞረች። አቶ ልሳነወርቅ ሚስታቸው የትኛውን ቤት ማለታቸው እንደሆነ አሰላሰሉ። ተከራይተው የኖሩባቸው ቤቶች ሁሉ የተለሰኑ ነበሩ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል ብለው አለፉት።

ሁለተኛው ቤት ገላን በኩል ነበር፤ እዚህ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። በአጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በስባሪው ላይ ሽቦ አለ። መስኮቶቹ ጠባብና በብረት የታጠሩ ናቸው። በሩ ሦስት መቀርቀሪያ አለው፤ አቶ ልሳነወርቅ እያንዳንዱን እየከፈቱና እየዘጉ ሰሙት። "ቤት ማለት ይሄ ነው" አሉ። ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ሰፈር የሚፈትሹበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው። የጎረቤት በር አንኳኩተው የሚጠጣ ውሃ ይለምናሉ። ውሃው ቶሎ ከመጣ፣ ከነማስቀመጫው ከመጣ፣ "ይጨመርልሽ" ከተባለ፣ እዚያ ልጅ ይታመማል፣ ሰው ይሞታል፣ ግን ብቻውን የሚቀር የለም ማለት ነው። ገላን ላይም አንኳኩ። ውሻ ጮኸ። በሩ ላይ ያለች የመጥሪያ ሳጥን "ማነው?" አለች።

"ውሃ የጠማኝ መንገደኛ ነኝ።"

ሳጥኗ ዝም አለች። ወይዘሮ ዘነበች ጠበቁ። እንደገና አንኳኩ፤ እንደገና ጠበቁ። መጨረሻ ላይ ፀሐዩ ውስጥ ቆመው እየሳቁ ተመለሱ፤ ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ዘንድ አልደረሰም።

"ሰፈሩ ደኅና ነው" አሉ። "ማንም አይገባበትም። ሌባም አይገባም፣ የቤቱም ሰው አይገባም። የፈለገ በር ላይ ቆሞ ሲጠማው ይኖራል።"

"ደኅንነት እኮ ነው የምንፈልገው" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ትንሽ ተቆጥተው።

"ምን ተቀምጦበት ነው እንዲህ የታጠረው? ብዙ ዓመት ቆሜ አየሁ፤ ሲከፈት አላየሁም።"

አቶ ልሳነወርቅ ግራ ገባቸው። ቤቱን ካዩት ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ተካልኝ በመስታወቱ አንዴ ሚስትየዋን፣ አንዴ ባልየውን አየና ጉሮሮውን ጠርጎ መኪናውን አስነሳ። ወደ ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ዘነበች ለእህታቸው ስልክ ደወሉና የሐዋሳ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቁ። አቶ ልሳነወርቅ መስኮቱን እያዩ ነበር፤ መንገዱን ግን አላዩትም።

ነሐሴ ሲገባ ተካልኝ የሚያሳየው አለቀበት። "አንድ የቀረች አለች" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያጋንን። "ሱሉልታ መንገድ ላይ ናት። የእንጨትና የጭቃ ቤት ናት፣ ጣሪያዋም ያፈሳል። ዋጋዋ ግን ይመቻችኋል።"

ሲደርሱ ካፊያ ነበር። አጥሩ ጽድ ነው፤ ልጅ ይሾልክበታል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ልስኑ እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል። ቤቱ የቆመበት መሠረት ግን ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ያን ሁሉ ክረምት አሳልፎ ፍንክች አላለም። አቶ ልሳነወርቅ የጽዱን አጥር ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

ወይዘሮ ዘነበች የጎረቤት በር ሊያንኳኩ ሲዘጋጁ ጎረቤቷ ራሳቸው መጡ። እማማ ጠጅነሽ ይባላሉ። የቤቱ ባለቤት ልጃቸው ጋ አዳማ ሲሄዱ ቁልፉንም አደራውንም ለእሳቸው ነው የተዉት። በአንድ እጃቸው በማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ውሃ፣ በሌላው ቆሎ ይዘዋል። "እርጥብ መንገድ ነው የመጣችሁት" አሉ። "ጠጪ። ይጨመርልሽ።"

ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ማህደርና ተካልኝ ጓሮውን ሊያዩ ሄዱ። አቶ ልሳነወርቅ መቀርቀሪያ ሊፈትሹ ብቻቸውን ቤት ገቡ፣ እንደ ልማዳቸውም በሩን ከኋላቸው ገፍተው ዘጉት።

በሩ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ተዘጋና ጭምቅ ብሎ ቀረ። አቶ ልሳነወርቅ ጎተቱ። እንደገና ጎተቱ። የቁልፍ ዘለላቸውን አወጡና አዩት፤ ያልተቆለፈ በር ላይ ቁልፍ ምን ይሠራል? መጣራት አሳፈራቸው። የመጋዘን ኃላፊ በር ተዘጋብኝ ብሎ ይጮኻል? ግድግዳ እየለካሁ ነበር እላለሁ ብለው ወስነው ቆሙ። ከበረንዳው የሚመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል።

"ቤቱን ለማንም አልሰጥም" ይላሉ እማማ ጠጅነሽ። "ባለቤቷ ያለችኝ የሚሆንሽን ጎረቤት ፈልጊ ነው እንጂ ገንዘብ ያለው ፈልጊልኝ አይደለም። አንቺን አየሁሽ፤ ባልሽስ እንዴት ያለ ሰው ነው?"

ወይዘሮ ዘነበች ቆሎ ቆረጠሙ።

"ሰካራም አይደለም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ልጆቹን አስተምሯል።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"ለመንገደኛ ይስቃል፤ ጓሮው አልተለሰነም። ዙሪያውን አጥሮታል፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውሃ ስለምን ኖርኩ። ማነው ይለኛል፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ፣ ከዚያ ዝም።"

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸው በበሩ ላይ እንዳለ ቀሩ። ጣፎን አወቁት። ገላንንም አወቁት። ክረምቱን ሙሉ በደላላ መኪና ተጭነው ሲጎበኙ የከረሙት ማንን እንደሆነ አሁን ገባቸው። ተካልኝ እንኳ ከእሳቸው ቀድሞ ገብቶት እንደነበር ትዝ ሲላቸው ጆሯቸው ጋለ።

"ታዲያ ጥለሽው ሂጂያ!" አሉ እማማ ጠጅነሽ እየሳቁ።

"ልሄድ ነው። ሻንጣዬን አውርጃለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ግን እናቴ የሞተች ጊዜ ለኔ ሳይነግረኝ ለብቻው ሄዶ መቃብሯን በድንጋይ አሠርቶላታል። በዓመቱ ከሌላ ሰው ሰማሁ። መሠረቱ እንዲህ ነው። እንዴት እንደሚገባበት ነው የጠፋኝ።"

አቶ ልሳነወርቅ አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ፈሩ። ማህደር ከተወለደች ወዲህ ሚስታቸውን በስማቸው ጠርተው አያውቁም፤ "የማህደር እናት" ነው የሚሉት። አሁን ግን የወጣላቸው የድሮው ነው።

"ዘነቡ!"

ከበረንዳው የእግር ኮቴ መጣና ከበሩ ማዶ ቆመ።

"ምነው?"

"በሩ እምቢ አለኝ።"

"ማን ዘጋው?"

ድሮ ቢሆን ነፋስ ነው ይሉ ነበር። "እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ።

"እንግዲያው እኔ ከዚህ እገፋለሁ፤ መግፋቱን ለምጄዋለሁ። አንተም ካላገዝከኝ ግን ዛሬም አይከፈትም። በደንብ ጎትተው።"

አቶ ልሳነወርቅ ጎተቱ። እግራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሽበታቸው ላይ የኖራ ብናኝ እየረገፈባቸው፣ ማን ያየኛል ሳይሉ ጎተቱ። በሩ ጮኸ፤ ከዚያ በአንዴ ተከፈተና ወይዘሮ ዘነበች እየተንደረደሩ ደረታቸው ላይ መጥተው ቆሙ።

"ሐዋሳ አትሂጂ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ማንም አልፈረመበትም፤ እንዲሁ ወጣ። "አንቺ የሌለሽበት ቤት አያስፈልገኝም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፈርቻለሁ፤ ግን አልነገርኩሽም። ሁልጊዜም አልነግርሽም። መናገር ልልመድ።"

"ሰማህ እንዴ?"

"ሁለቱንም ቤት።"

ወይዘሮ ዘነበች ከት ብለው ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ዓይናቸው ቀድሞ ነበር። እማማ ጠጅነሽ የቆሎውን ሰሃን አንስተው "ጎረቤት ሆነናል ማለት ነው" አሉና ውሃ ሊጨምሩ ሄዱ።

ማህደርና ተካልኝ ከጓሮ ሲመለሱ አቶ ልሳነወርቅ የቁልፍ ዘለላውን ከቀበቷቸው ፈትተው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውት፣ የበሩን ጠርዝ በእጃቸው እየዳሰሱ የት ላይ ቢላግ እንደሚሻለው ለሚስታቸው ያስረዳሉ። ያወራሉ። ማህደር ቆማ አባቷን አየች፤ እናቷንም አየች፤ ጓሮ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ" አለ ተካልኝ። "ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ በሩም እንደሚያዩት ነው። ሌላ ልፈልግልዎ እችላለሁ።"

"ይሄንን ነው" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

ተካልኝ ያልጠበቀውን ሽያጭ ያገኘ ሰው ስለሆነ ደስታውና ጥርጣሬው ተጣሉበት። ወደ ወይዘሮ ዘነበች ዞረ። "እትዬስ? ያን ሁሉ ያማረ ቤት አልፈልግም ብለው፣ ይሄን ገና ዛሬ አይተው ወደዱት ማለት ነው?"

ወይዘሮ ዘነበች የባላቸውን ሽበት ከኖራው ብናኝ እያራገፉ መለሱለት።

"መውደዱንማ ድሮ ነው የወደድኩት፣ ልጄ። ሐዋሳ ልሄድ የነበረው በሩ አልከፈትልኝ ብሎ ነው እንጂ።"